ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ጃንጎ ለመሥራት፦ ቬንቭ፣ ደብሊውኤስኤል፣ ዶከር፣ ኮድስፔስስ ወይስ ኡቡንቱ?

አዲስ ዴቨሎፐር ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤረር በማሳደድ የሚያልቁበት ቡድን ብዙ ነው። ሪፖውን (የፕሮጀክቱን የኮድ ማከማቻ) ያወርዳል፣ ፓኬጆቹን ለመጫን ይሞክራል፤ አንዱ ፓኬጅ ሲ ኮምፓይለር አምጣ ይለዋል፣ ሌላው የፓይዘን ቨርዥኑን አይቀበልም። ቡድኑን ሲጠይቅ «እኔ ጋ ይሠራል እኮ» ይሉታል። ይህ የሚሆነው ገና ሲጀመር በምን ላይ እንደሚሠራ አብሮ ሳይወሰን፣ እያንዳንዱ ሰው የቀናውን ጭኖ ስለሚቀጥል ነው። አማራጮቹ ዛሬ ጥሩ ጥሩ ናቸው፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን ለይቶ መምረጥ ግን ያስፈልጋል።

ወሬው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ዓይነት ፕሮጀክት ይዤ ልሂድ። በጃንጎ (በፓይዘን ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ) የተሠራ፣ ዳታውን ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎችን በሴለሪና በሬዲስ የሚያስኬድ፣ በአማርኛ የተጻፈ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ድረ ገጽ ነው እንበል። መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። የሚሠሩት ልጆች ግን ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው የያዙት፣ የአብዛኞቹም ራም 8 ጊጋ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳም ሆነ መቀሌ ብትሄዱ ይህ የተለመደ ነው።

ምክሬን ቀድሜ ልናገር። 8 ጊጋ ራምና ዊንዶውስ 11 ላለው ሰው ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ውስጥ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ፣ ፓይዘኑንም ፖስትግሬሱንም ሬዲሱንም እዚያው ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል። 16 ጊጋና ከዚያ በላይ ያለው፣ ከሦስት አራት ሰው ጋር የሚሠራ ቡድን ወደ ዶከር (አፑን ከነሚፈልገው ነገር አሽጎ ወደሚያስነሳው መሣሪያ) ቢሄድ ያዋጣዋል። 4 ጊጋ ያለው ያረጀ ላፕቶፕ ዊንዶውስን ትቶ ወደ ኡቡንቱ ቢገባ ዕድሜው ይረዝማል። ምክንያቶቹን ከታች ታገኛላችሁ፤ ሁኔታችሁ ከዚህ የተለየ ከሆነ መልሱም ሊለወጥ ይችላል።

ሲመረጥ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ብዙ ቢመስሉም ሦስቱ ይቀድማሉ። ኮዱ በመጨረሻ የሚኖረው ምን ዓይነት ሰርቨር ላይ ነው? ላፕቶፑ ስንት ራም አለው? ኢንተርኔቱ ሳይቆጠር የሚሄድ ዋይፋይ ነው ወይስ በጊጋ የሚገዛ የሞባይል ዳታ? ሦስተኛው ጥያቄ ውጭ አገር በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አይነሳም፤ እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ መጫን

ለመጀመር ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ፓይዘንን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን፣ ሲጫን ፓዝ ላይ እንዲገባ የምትጠይቀውን ሳጥን ምልክት ማድረግ፣ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ቬንቭ (የፕሮጀክቱን ፓኬጆች ለብቻቸው የሚይዝ የፓይዘን ፎልደር) ፈጥሮ አክቲቬት ማድረግ፣ ከዚያ ፓኬጆቹን መጫን። ቬንቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይዘን 3.3 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር ማውረድ አያስፈልግም። ራም አይበላም፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጃንጎን ገና ለሚማር፣ ዳታቤዙም ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ቀላል ዳታቤዝ) ለሆነ ሰው ከዚህ በላይ መጫን አያሻም። ተማሪን በመጀመሪያው ቀን ዶከር ጫን ማለት ጉልበቱንም ሞራሉንም መጨረስ ነው።

ፓወርሼል ላይ ቬንቩን አክቲቬት ስታደርጉ ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል የሚል ቀይ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። የኤክስኪዩሽን ፖሊሲውን ለራሳችሁ ዩዘር ብቻ «ሪሞትሳይንድ» ማድረግ ይበቃል። ለመላው ኮምፒውተር «አንሬስትሪክትድ» አድርጉ የሚሉ ቪዲዮዎችን አትከተሉ፤ ያለ ምክንያት በር መክፈት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፕሮጀክቱ ሲያድግ ነው። ሴለሪ ከ4.0 ጀምሮ ዊንዶውስን አይደግፍም። ሬዲስ ለዊንዶውስ ይፋዊ እትም የለውም፤ የራሱ ሰነድ ወደ ደብሊውኤስኤል ይመራችኋል። ሰርቨሩ ላይ ጃንጎን የሚያስነሳው ጉኒኮርን የዩኒክስን ሞጁል ስለሚፈልግ ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ አይነሳም። ፒዲኤፍ የሚያወጣው ዊዚፕሪንት ደግሞ ፓንጎ የሚባለውን ላይብረሪ ይፈልጋል። ኡቡንቱ ላይ ይህ በአንድ የአፕት ትዕዛዝ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ኤምሲስ 2 የሚባል ሌላ ሲስተም ጭኖ ፓንጎን በእሱ ውስጥ ማምጣት ይጠይቃል። የእኛ ምሳሌ ፕሮጀክት አራቱንም ይነካል፤ ስለዚህ ለእሱ ይህ መንገድ ገና ከመነሻው ጠባብ ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ፤ እሱም ፊደላችን ነው። ፓይዘን ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ሥርዓት) ሳይነገረው ፋይል ሲከፍት የሲስተሙን ኮድ ፔጅ ይወስዳል፤ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ሲፒ 1252 ነው። ሲፒ 1252 ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ወደ ፋይል ለመጻፍ ስትሞክሩ ፕሮግራሙ የዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር አውጥቶ ይቆማል። በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ ፋይል ስታነቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አንዷ ፊደል ሦስት የማይነበቡ ምልክቶች ሆና ትወጣለች ወይም ኮዱ ኤረር ይሰጣል። ይኸው ኮድ ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። መፍትሔው ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን መጻፍ ነው። ለጊዜው ደግሞ የፓይዘንን የዩቲኤፍ 8 ሁነታ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ማብራት ይቻላል፤ ከፓይዘን 3.7 ጀምሮ አለ። ፓይዘን 3.15 ዩቲኤፍ 8ን መደበኛ እንዲያደርግ ፔፕ 686 በሚባለው የፓይዘን የለውጥ ሰነድ ተወስኗል። እስከዚያ ግን ቡድን ውስጥ አንዱ ዊንዶውስ፣ ሌላው ሊኑክስ ይዞ ከሠራ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይመጣል።

ፎንትም አለ። ዊንዶውስ እንደ ኢብሪማ ያለ ግዕዝ የያዘ ፎንት ስላለው ላፕቶፑ ላይ የወጣው ደረሰኝ ያምራል። ባዶ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን እነዚህ የሉም፤ ደንበኛው ጋ የሚደርሰው ፒዲኤፍ በተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች የተሞላ ይሆናል። ሰርቨሩ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል መጫን፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ፎንቱን ራሱን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብቶ በሲኤስኤስ መጥራት ነው። ጭንቁ ያለው ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ኮዱን ዲፕሎይ እስኪያደርግ (ሰርቨር ላይ እስኪጭን) ድረስ የሚያይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ላይ ነው።

ደብሊውኤስኤል 2

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን ደብሊውኤስኤል ሲያወጣ ሥራው የሊኑክስን ጥሪ ወደ ዊንዶውስ መተርጎም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ የወጣው ሁለተኛው ግን እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በቀላል ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያስኬዳል። ስለዚህ ሴለሪው፣ ሬዲሱ፣ ጉኒኮርኑ፣ ፓንጎው ሰርቨሩ ላይ እንደሚሠሩት ይሠራሉ፤ ኢንኮዲንጉም ዩቲኤፍ 8 ነው። የፎንቱ እጥረትም እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ይታያል፣ ሰርቨር እስኪደርስ አትጠብቁትም።

መጫኑ ቀላል ነው። ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተር መብት ከፍቶ የደብሊውኤስኤልን የኢንስቶል ትዕዛዝ መስጠትና ሪስታርት ማድረግ፤ ኡቡንቱ አብሮ ይመጣል። እምቢ ካለ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቶ ይሆናል፤ ኢንቴል ላይ ቪቲ ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ይባላል። ዊንዶውስ ሆም ያለውም መጠቀም ይችላል፣ ፕሮ መሆን ግዴታ አይደለም።

ከተጫነ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች፤ እሷን ያወቀ ግማሹን ችግር ዘሎታል። ፕሮጀክቱን የት ነው የምታስቀምጡት? ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፎልደር ከኡቡንቱ ተርሚናል በኤምኤንቲ (የዊንዶውስ ዲስክ ከሊኑክስ በሚታይበት ፎልደር) በኩል መክፈት ይቻላል፣ ይሠራልም፤ ግን እያንዳንዱ የፋይል ንባብ በሁለቱ ሲስተሞች መካከል እየተሻገረ ስለሚሄድ ቀርፋፋ ነው። ጊት ስታተስ ይዘገያል፣ ፓኬጅ መጫን ይንቀረፈፋል። ከዚህ የከፋው፣ እንደ ቪት ያሉ የፍሮንትኤንድ መሣሪያዎች በዊንዶውስ ኤዲተር የቀየራችሁትን ፋይል መቀየሩን አይሰሙም፤ ሴቭ አድርጋችሁ ብራውዘሩ ዝም ይላል። ስለዚህ ሪፖውን ክሎን የምታደርጉት በኡቡንቱ የራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ ይሁን። ቪኤስ ኮድ ላይ የደብሊውኤስኤልን ኤክስቴንሽን ጫኑና ከኡቡንቱ ተርሚናል ፎልደሩን ክፈቱ፤ መስኮቱ የምታውቁት የዊንዶውስ መስኮት ነው፣ ኮዱ የሚሮጠው ግን ሊኑክስ ውስጥ ነው። ጃንጎ የሚያስነሳውን የ8000 ፖርት በዊንዶውሱ ክሮም በሎካልሆስት መክፈት ይቻላል።

ራሙን በተመለከተ፣ ደብሊውኤስኤል 2 ሳትነኩት የኮምፒውተሩን ግማሽ ራም የመውሰድ መብት አለው። 8 ጊጋ ላይ ይህ 4 ጊጋ ነው፤ ክሮም ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ተከፍቶ፣ ቪኤስ ኮድ ተከፍቶ ላፕቶፑ መተንፈስ ያቅተዋል። ዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ የደብሊውኤስኤልን የኮንፊግ ፋይል ፍጠሩና ሚሞሪውን 3 ጊጋ ላይ ገድቡት፤ ለጃንጎ፣ ለፖስትግሬስና ለሬዲስ ከበቂ በላይ ነው። ሥራ ስትጨርሱ የሻትዳውን ትዕዛዙን ስጡ፣ ራሙ ይመለሳል። ዲስኩም ይጠበቅ፤ ኡቡንቱ የሚኖርበት የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ሲያድግ ያድጋል እንጂ ውስጡን ስታጸዱ በራሱ አይቀንስም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ላለው ሰው ይህ ይሰማል።

ፓይዘንን ለማስተዳደር እዚህ ውስጥም ቬንቭ ይበቃል፤ እኔ ግን ዩቪን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ በረስት የተጻፈ መሣሪያ ነው። ፍጥነቱ ይወራለታል፤ እኔን የገዛኝ ግን አንዴ ያወረደውን ፓኬጅ በአንድ የጋራ ካሽ አስቀምጦ ለሌላው ፕሮጀክት ከዚያው መስጠቱ ነው። ዳታ ይቆጥባል። የሎክ ፋይሉም የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን ስለሚይዝ ዛሬ የጫነውና ከስድስት ወር በኋላ የሚጭነው ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያገኛሉ። ሌላው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ ኮንዳ ለዳታ ሳይንስ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለድረ ገጽ ሥራ ግን ይከብዳል።

ለቡድን አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ተስተካክሎ ያለቀን ኡቡንቱ በኤክስፖርት ትዕዛዝ ወደ አንድ ታር ፋይል አውጥቶ በፍላሽ መስጠት፣ ሌላው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኢምፖርት ማድረግ ይቻላል። አምስት ሰው አንድ ዓይነት ፓኬጅ አምስት ጊዜ ከማውረድ ያድናል። ግን ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን የኤስኤስኤች ቁልፍና ፓስወርድ አውጡ።

ዶከር

ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የፈታው ችግር በትክክል የእኛ ችግር ነበር፦ አፑን ከነሚፈልገው ላይብረሪ አንድ ላይ አሽጎ የትም ቦታ እኩል ማስነሳት። ኮምፖዝ ፋይል ውስጥ ጃንጎው፣ ፖስትግሬሱ፣ ሬዲሱና ሴለሪው ከነቨርዥናቸው ይጻፋሉ፤ አዲስ የመጣ ሰው አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶ ሁሉም ይነሳል። ሰርቨሩ ላይ የሚሄደውም ይኸው ኢሜጅ (የታሸገው አፕ) ከሆነ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ክርክር ይዘጋል። ከዚህ በላይ ንጹሕ መንገድ አላውቅም። ፎንቱ እንኳ ዶከርፋይሉ (ኢሜጁ እንዴት እንደሚገነባ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ በአንድ መስመር ገብቶ ለሁሉም አንድ ይሆናል።

ዋጋው ግን በራምና በዳታ ይከፈላል። ዊንዶውስ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በደብሊውኤስኤል 2 ላይ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ስለ ራም ያልኩት ሁሉ እንዳለ ሆኖ የዶከር ዴስክቶፕ ራሱ ይጨመርበታል። 8 ጊጋ ላይ ይሄዳል፣ ግን ይጨናነቃል። ማቅለል ከፈለጋችሁ ዶከር ዴስክቶፕን ትታችሁ ዶከር ኢንጅንን በቀጥታ ኡቡንቱ ውስጥ ጫኑ፤ ትዕዛዞቹ አንድ ናቸው፣ የሚቀረው መስኮቱ ብቻ ነው። ይህ የፈቃዱንም ጉዳይ ይፈታል። ዶከር ዴስክቶፕ ለግል ሥራ፣ ለትምህርትና ከ250 ያነሰ ሠራተኛና ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ዓመታዊ ገቢ ላለው ድርጅት ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ድርጅትና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ይከፈልበታል። ለባንክ ወይም ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዳታ የሚበላው ባብዛኛው ዶከርፋይሉ በደንብ ስላልተጻፈ ነው። መደበኛው የፓይዘን ኢሜጅ ሲፈታ 1 ጊጋ አካባቢ ይሆናል፤ ስሊም የሚባለው የዚያን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው የሚወስደው፣ ለአብዛኛው የጃንጎ ፕሮጀክትም ይበቃል። አልፓይን ከእሱም ያነሰ ነው፤ ግን ሙስል የሚባል የተለየ ሲ ላይብረሪ ስለሚጠቀም አንዳንድ ፓኬጆች እዚያው ኮምፓይል ካልተደረጉ እምቢ ይላሉ፤ በኪሎ የቆጠባችሁትን በሰዓት ትከፍላላችሁ።

ከኢሜጁ መጠን የበለጠ የሚጎዳው የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ዶከር እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ንብርብር ካሽ ያደርጋል፤ አንዱ ሲለወጥ ከሱ በታች ያለው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ዶከርፋይሉ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ኮድ በሙሉ ኮፒ አድርጎ ከዚያ ፓኬጆቹን የሚጭን ከሆነ፣ አንድ ቴምፕሌት ላይ ነጠላ ሰረዝ ብትጨምሩ በሚቀጥለው ቢልድ ሁሉም ፓኬጅ ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ይወርዳል። የሪኳየርመንትስ ፋይሉን ብቻ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ፓኬጆቹን ጫኑ፣ ከዚያ ነው ኮዱ የሚገባው። ሁለት መስመር ማቀያየር ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን የወር ወጪውን ይለውጣል። ከዚህ ሌላ ከኢንተርኔት የተቀዱ ብዙ ዶከርፋይሎች ፒፕን ያለ ካሽ እንዲሠራ ያዙታል፤ ላፕቶፕ ላይ ቢልድ ስታደርጉ በእሱ ፋንታ የቢልድኪትን (የዶከርን መገንቢያ) የካሽ ማውንት ብትጠቀሙ አንዴ የወረደ ፓኬጅ ደግሞ አይወርድም።

አንዱ የገነባውን ኢሜጅ በሴቭ ትዕዛዝ ወደ ፋይል አውጥቶ በፍላሽ ማምጣትና በሎድ ማስገባት ይቻላል፤ ዳታ በሚያጥርበት ቡድን ይህን ልማድ ማድረግ ነው። የኢሜጆች ማከማቻው ዶከር ሀብም አካውንት ሳይገቡ ለሚያወርዱ በአይፒ የሚቆጠር ገደብ አለው፤ አንድ የጋራ አይፒ ላይ ብዙ ሰው ባለበት ቢሮ ገደቡ ቶሎ ይሞላል፣ ነጻ አካውንት ከፍቶ መግባት ይረዳል።

ዊንዶውስ ላይ ዶከር የጀመሩ ሰዎችን የምታሰቃይ አንዲት ኤረር አለች። ኮንቴነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሮጠው አፕ) ሲነሳ የማስጀመሪያ ስክሪፕቱ የለም ይላል፤ ገብታችሁ ስታዩ ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሏል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ዊንዶውስ ላይ ያለው ጊት የመስመር መጨረሻውን ከኤልኤፍ ወደ ሲአርኤልኤፍ ቀይሮታል፤ ሊኑክሱ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ በባሽ ስም ጫፍ ላይ የማይታይ አንድ ምልክት ተለጥፎ ያገኝና እንደዚያ የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋል። ሪፖው ውስጥ ጊት አትሪቢዩትስ ፋይል አስገብታችሁ የሼል ስክሪፕቶች ሁልጊዜ በኤልኤፍ እንዲወጡ ብታዙ ለሁሉም ሰው በአንዴ ይፈታል።

ዳታቤዙ በቮልዩም (ከኮንቴነሩ ውጭ ባለ የዳታ ማስቀመጫ) መቀመጡንም አረጋግጡ። ኮንቴነሩ ሲጠፋ ቮልዩሙ ይቀራል፤ ኮምፖዝን ሲያወርዱ የቮልዩም ማጥፊያዋን ቪ መጨመር ግን የሙከራ ዳታችሁን ጠራርጎ ይወስዳል። ማክ የያዘ ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ አዲሶቹ ማኮች አርም ፕሮሰሰር ስላላቸው እሱ የገነባው ኢሜጅ ለኢንቴል ሰርቨር እንደማይሆን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ለየትኛው ፕላትፎርም እንደሚገነባ መግለጽ አለበት።

ኮድስፔስስ

የጊትሀብ ኮድስፔስስ ላፕቶፑን ወደ መስኮት ብቻ ይለውጠዋል። ኮዱ፣ ፓይዘኑ፣ ዳታቤዙ ሁሉ ማይክሮሶፍት ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው፤ እናንተ ጋ ብራውዘር ብቻ አለ። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕም ይበቃል። የግል አካውንት በወር 120 ኮር ሰዓትና 15 ጊጋ ማስቀመጫ በነጻ ያገኛል፤ ባለ 2 ኮር ማሽን ስትመርጡ ይህ 60 ሰዓት ነው። ሳትነኩት 30 ደቂቃ ከቆየ በራሱ ይቆማል፤ ለ30 ቀን ካልተከፈተ ደግሞ ይጠፋል፣ ፑሽ ያላደረጋችሁትን (ወደ ጊትሀብ ያልላካችሁትን) ይዞ።

ዳታ ይበላል ተብሎ ይፈራል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። 1 ጊጋ ኢሜጅ ሲወርድ የሚወርደው ዳታ ሴንተሩ ውስጥ እንጂ በእናንተ ሲም ካርድ አይደለም። የምትጽፉት ፊደል ብራውዘሩ ውስጥ ስለሚታይ መተየቡ አይዘገይም፤ የሚዘገየው ተርሚናሉና ሴቭ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ ግን የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ካለ ይሠራበታል። ፈጣን ግን በየአሥር ደቂቃው የሚጠፋ ኢንተርኔት ላይ ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

እንደ ዋና መንገድ ግን አልመክረውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው በሙሉ ይቆማል፣ ኮዱን ማየት እንኳ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦበታል። በዚያ ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ያለው ሰው ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። ነጻው ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ እሱ በእጁ የሌለ ብዙ ነው። ኮድስፔስስ የሚጠቅመው ለመጠባበቂያ ነው፦ ላፕቶፕ ሲበላሽ፣ አንድ ሰው ለሁለት ቀን ብቻ ሊያግዝ ሲመጣ፣ ወይም አንድ ፑል ሪኩዌስትን በንጹሕ ማሽን ላይ ለመፈተን። ለዚህም ሪፖው ውስጥ የዴቭኮንቴነር ፋይል (ማሽኑ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚገልጽ ፋይል) ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ያው ፋይል ላፕቶፕ ላይ ባለው ዶከርም ይሠራል።

ኡቡንቱን ራሱን መጫን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ገና በደንብ የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ውጭ ቀርተዋል። ለእነዚህ ኡቡንቱ 24.04 እውነተኛ አማራጭ ነው፤ ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይዘልቃል። ቨርቹዋል ማሽን መሃል ስለሌለ ራሙ በሙሉ ለሥራው ነው፣ ዶከርም ቀለል ብሎ ይሄዳል። 4 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ላይ ፖስትግሬስና ጃንጎ አብረው ያለ ጭንቀት ይሠራሉ፤ ዴስክቶፑ ከከበደ ዙቡንቱ ይቀልላል።

ከመጫናችሁ በፊት በፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የስክሪን ብርሃኑ መሥራቱን ሳታዩ ዲስክ አትንኩ። ዊንዶውሱን ይዛችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማድረግ ካሰባችሁ የቢትሎከርን (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ሪከቨሪ ቁልፍ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ፋስት ስታርትአፕንም አጥፉ። ዊንዶውስ ብቻ ላይ የሚሠራ የሒሳብ ሶፍትዌር ወይም አዶቤ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገው ሰው ግን በዚህ መንገድ አይሂድ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሪስታርት እያደረገ ሥራ አይሠራም።

በቡድን ሲሆን

ቡድኑ የተበታተነ ከሆነ ምርጫው በጣም ደካማውን ላፕቶፕና በጣም ውዱን ኢንተርኔት ያየ መሆን አለበት። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ሆኖ 32 ጊጋ ራም ላይ የሚሠራ ወንድማችን ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ሰባት ኮንቴነር ሲደረድር እሱ ጋ ምንም አይሰማም። ጎንደር ያለችው ባልደረባው ግን ለዚያች ውሳኔ ከኪሷ ዳታ ትገዛለች። ስለዚህ ዶከርን ብትመርጡም ያለ ዶከር የሚሠራበት መንገድ ሪድሚው ውስጥ ይኑር። ከዳታቤዝ አድራሻ ጀምሮ በየማሽኑ የሚለያየው ነገር ሁሉ ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የሚነበብ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ አይከብድም፤ አንዷ በደብሊውኤስኤል፣ ሌላው በዶከር ሆነው አንድ ሪፖ ላይ ይሠራሉ። መተው የሌለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፓይዘንና የፖስትግሬስ ዋና ቨርዥን ከሰርቨሩ ጋር አንድ ይሁን። «ለጊዜው እኔ ጋ ኤስኪውላይት ይሁን» የሚል ካለ እንዲቀር ንገሩት፤ ኤስኪውላይት ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን የዳታ ዓይነት ስህተት ፖስትግሬስ አይቀበልም፣ ስህተቱም የሚታየው ሰርቨር ላይ ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር

አሁን ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ የምትሠሩ ከሆነ ወደ ደብሊውኤስኤል መሻገር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቬንቭ ፎልደሩን አትውሰዱት፤ ውስጡ ያሉት አድራሻዎች የዊንዶውስ ናቸው፣ ፓኬጆቹም ለዊንዶውስ የተገነቡ ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ አይነሱም። ሪፖውን ከጊት በአዲስ ክሎን አድርጉ። ፖስትግሬስ ዊንዶውስ ላይ ከነበረ ዳታውን በፒጂ ደምፕ አውጥታችሁ ኡቡንቱ ውስጥ ባለው አስገቡ፤ የፋይሎቹን ፎልደር በቀጥታ መቅዳት አይሠራም። ማይግሬሽኖቹን አስኪዱ፣ ቴስቶቹን አስኪዱ። ቴምፕሌት ወይም ፋይል አልተገኘም የሚል ኤረር እዚህ ጋ ከወጣ የፋይሉን ስም ኮዱ ውስጥ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ግን ይለያል፤ ሰርቨሩ ላይ ሊፈነዳ የነበረው እዚህ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ አንድ የአማርኛ ደረሰኝ አውጡና ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ፊደሎቹን እዩ። ሳጥን ካያችሁ ፎንቱን ጨምሩ። እሱ ካለፈ የዊንዶውሱን ፓይዘንና ፖስትግሬስ አንሱት፤ ሁለቱም ፖስትግሬስ 5432 ፖርት ላይ ከቆዩ የትኛው እየመለሰላችሁ እንደሆነ ለማወቅ ትቸገራላችሁ።